አንድ መሪ፣ ብዙ ወራሽ

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ለጭነት መኪና ባለቤቶች፣ ለአስመጪዎችና ለልጆቻቸው ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

የሞጆን መንገድ የማያውቅ ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። ከፊታችሁ አንድ ተሳቢ አለ። ማለፍ አልቻላችሁም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጀርባውን እያያችሁ ትነዳላችሁ። ኮንቴይነሩ ላይ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ፣ ነጭ ኮከብ አለች። ጫፎቿን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ሰባት ናቸው።

ያቺ ኮከብ የቤተሰብ ናት። በ1886 ፒተር ሜርስክ ሞለር የሚባል የዴንማርክ ካፒቴን ላውራ የምትባል የእንፋሎት መርከብ ገዛ። ጭስ ማውጫዋ ላይ ሰማያዊ መደብ አስቀብቶ ነጭ ኮከብ አሳረፈበት። ሰውየው ጸሎተኛ ነበር። ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ እንዳለው፣ እሷ ታማ ሳለ ምልክት እንዲያሳየው ለምኖ፣ በደመናው መሐል አንዲት ኮከብ ታይታዋለች። ዛሬ ከዚያ የበቀለው የመርከብ ድርጅት፣ የሜርስክ፣ የቦርድ ሊቀመንበር የዚያ ካፒቴን የልጅ ልጁ የልጅ ልጅ ነው። አምስተኛ ትውልድ።

አሁን ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ላሳያችሁ። ስም አልጠራም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሒሳብ ሥራ አንድ ቤት ተጠራሁ። አባት ካረፉ አርባቸው ወጥቷል። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ሳሎን እንደተቀመጥኩ እናትየው ጓዳ ገብተው ጥቁር ፌስታል ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ዘጠኝ ሊብሬ። ሰባቱ ዋናው ነው፣ ሁለቱ ኮፒ ነው፣ ምክንያቱም የሁለቱ ዋና ባንክ ተይዟል። ሁሉም በአባት ስም። ልጆቹ አምስት ናቸው። ትንሹ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ዘጠኝን ለአምስት አካፈለና ለወንድሙ አሳየው። አንድ ነጥብ ስምንት። ማንም ምንም አላለም። እኔም ሻዬን ጠጣሁ።

አንድ ነጥብ ስምንት ሲኖትራክ የሚባል ነገር የለም። ያ ቤት አሁን ፍርድ ቤት ነው። መኪኖቹ ቆመዋል፣ ጎማቸው ተንፍሷል።

እና ስለ መርከብ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ባለ መርከቦች ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ችግር አለባቸው፣ ግን ከእኛ በፊት ብዙ መቶ ዓመት ተቸግረውበታል። ዕቃው ውድ ነው። አይቆረስም። የተገዛው በብድር ነው። አንድ አደጋ ሁሉን ሊያጠፋ ይችላል። ወራሹ ደግሞ በየትውልዱ ይበዛል።

የድሮ መላቸው ቀላል ነበር። መርከቧን በሐሳብ መቁረስ። በእንግሊዝ ሕግ አንድ መርከብ 64 ድርሻ ናት። አንዱ 32 ይይዛል፣ ሌላው 16፣ የሰፈሩ ባለ ሱቅ 2። ቁጥሩ ለምን 64 ሆነ ካላችሁ፣ እኩል ለሁለት እያሉ መሄድ ይቻላል። ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ እያለ እስከ አንድ። ግን አስቡት፣ ሦስት ትውልድ ሲያልፍ መርከቧን ለመሸጥ የስንት የአጎት ልጅ ፊርማ ያስፈልጋል? አንዱ አውስትራሊያ ነው፣ አንዱ አኩርፏል።

ሁለተኛው መላ ዛሬም የሚሠራበት ነው። አንድ መርከብ፣ አንድ ኩባንያ። ለምን እንደሆነ በአንድ ታሪክ ላስረዳችሁ፣ ይቺን ታሪክ ስለምወዳት ታገሱኝ።

በማርች 1967 ቶሪ ካንየን የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ካለ ዓለት ጋር ተላተመች። ወደ 120 ሺህ ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ይዛለች። ነዳጁ የእንግሊዝንም የፈረንሳይንም ጠረፍ አጠቆረው። ካሳው ከማን ይጠየቅ? መርከቧ የለችም። ባለቤቷ ወረቀት ላይ ያለ ድርጅት ነው። ግን ያ ድርጅት ሌሎች መርከቦችም ነበሩት። ከእነሱ አንዷ፣ ሌክ ፓሉርድ፣ በሐምሌ ወር ሲንጋፖር ጎራ አለች። አንድ ወጣት እንግሊዛዊ ጠበቃ በጀልባ ተጠጋት። መርከበኞቹ ውስኪ ሊሸጥ የመጣ መሰላቸውና መሰላል ጣሉለት። ወጣ። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ምሰሶው ላይ ለጠፈና ወረደ። መርከቧ ታገደች። በመጨረሻ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፍሎ ሁለቱ መንግሥታት ተካፈሉት።

የአንዷ ጥፋት ሌላዋን አስያዛት፣ ምክንያቱም ሁለቱም በአንድ ስም ናቸው። ሁለቱ በሁለት ኩባንያ ስም ቢሆኑ ኖሮ ውስኪ ሻጭ የመሰለው ጠበቃ ወረቀቱን የሚለጥፍበት ምሰሶ ለማግኘት በጣም ይቸገር ነበር።

ፒሬየስ ውስጥ፣ በአቴንስ ወደብ፣ አክቲ ሚያውሊ የሚባል ጎዳና አለ። ለብዙ ዘመን የግሪክ ባለ መርከቦች ቢሮ የተደረደረበት ነው። አንድ አማካይ የግሪክ ቤተሰብ አሥር መርከብ አለው እንበል። አሥሩ በአሥር ኩባንያ ነው። ኩባንያዎቹ ላይቤሪያ ወይም ማርሻል ደሴቶች የተመዘገቡ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ያላቸው ንብረት ያቺ አንድ መርከብ ብቻ ናት። ከበላያቸው አንድ እናት ኩባንያ፣ ሆልዲንግ፣ አለ። ቤተሰቡ አክሲዮኑን የያዘው እዚያ ነው። ከጎን ደግሞ አስተዳዳሪ ድርጅት አለ። ካፒቴን የሚቀጥረው፣ መለዋወጫ የሚገዛው፣ ጭነት የሚያፈላልገው እሱ ነው። ለዚህም በየመርከቡ ክፍያ ያገኛል። በ1967 የወጣ አዋጅ ቁጥር 89 የሚባል ሕግ አለ፣ የውጭ አገር የመርከብ ድርጅት ግሪክ ውስጥ ቢሮ እንዲከፍት የሚፈቅድ። ቢሮው ፒሬየስ፣ ወረቀቱ የላይቤሪያዋ ሞንሮቪያ የሆነው በዚህ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “አሃ፣ ግብር ለመሸሽ ነው” ይላል። እሱም አለበት፣ አልክድም። ግን ለውርስ የሰጠውን ጥቅም እዩት። መርከብ አይቆረስም። አክሲዮን ግን ይቆረሳል። አባት ሲሞት መርከቧ ምንም አልሆነችም፤ ባለቤቷ ኩባንያው ነው፣ ኩባንያው ደግሞ አልሞተም። ጭነቱ አይቆምም፣ ባንኩም አይደነግጥም። የተቀየረው እላይ፣ ሆልዲንጉ ላይ፣ የባለ አክሲዮኖቹ መዝገብ ብቻ ነው። የፌስታሉን ቤተሰብ አስቡ። ሊብሬዎቹ በድርጅት ስም ቢሆኑ ኖሮ መኪኖቹ በአባት ቀብር ማግስትም ጅቡቲ ይሄዱ ነበር።

ወጥመድም አለው። ባንክ ሞኝ አይደለም። አሥሩን ኩባንያ ለያይታችሁ ስትመጡ፣ ከመርከቧ መያዣ በላይ “የአባት ፊርማ ይጨመርበት” ይላል። የግል ዋስትና። ያ ፊርማ የገነባችሁትን አጥር በአንድ መስመር ያፈርሰዋል። የአንዷ መርከብ ብድር ሲበላሽ ቤቱም፣ ሌሎቹ ዘጠኙም ይነካሉ። እኔ ከደንበኞቼ ጋር በጣም የምጨቃጨቀው በዚህ ነው። ኩባንያ ያቋቁማሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይደክማሉ፣ ከዚያ ባንክ ቤት ሻይ እየጠጡ ይፈርማሉ። ወራሹ ስለ ፊርማው የሚሰማው ከቀብር በኋላ ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው እዚህ ነው።

ሌላም ነበር፤ ለአምጪው አክሲዮን። ቼክ ላይ “ለአምጪው” እንደሚባለው፣ ወረቀቱን የያዘ ባለቤት ነው። ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ስም የለበትም። ውርስ ማለት የካዝናውን ቁልፍ መስጠት ነው። አሁን በዓለም ዙሪያ በግልጽነት ሕጎች ምክንያት በጣም ጠቧል። ጥሩ ሆነ እላለሁ። ቁልፉን መጀመሪያ ያገኘው ወንድም ሁሉን የሚያገኝበት ሥርዓት ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?

ግሪኮች ሲበዙ ምን ያደርጋሉ? ይለያያሉ። በደንብ ነው የሚለያዩት። ለምሳሌ የማርቲኖስ ቤተሰብ ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ቢሮ ጀመሩ። ዛሬ ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፣ ቴናማሪስ፣ ሚኔርቫ እና ኢስተርን ሜዲትራንያን። እኛ አገር ወንድማማች ንግድ ሲለያይ ጎረቤት “ተጣሉ” ይላል። እዚያ ግን መርከብ ተካፍሎ ሌላ ፎቅ ላይ ቢሮ መክፈት የተለመደ ነው።

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። የግሪኮቹ መርከቦች በብዛት እንደ ላዳ ናቸው። ኮንትራት ባገኙበት ይሄዳሉ። አንዷ ላዳ ከሌላዋ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም፣ ስለዚህ አምስቱን ላንተ፣ አምስቱን ለኔ ይቻላል። የኮንቴይነር መስመር ግን እንደ አንበሳ አውቶቡስ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ሲንጋፖር መድረስ አለበት። መስመሩን ለመሸፈን ሁሉም መርከብ ያስፈልጋል። ግማሹን ወንድምህ ከወሰደ መስመር የለህም። ስለዚህ ከመካፈላችሁ በፊት ላዳ ናችሁ ወይስ አውቶቡስ የሚለውን ጠይቁ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቹ ላዳ ነን ብላችሁ የምታስቡ አውቶቡስ ናችሁ። ከአንድ ፋብሪካ ጋር “በወር ይህን ያህል አነሳለሁ” ብላችሁ ውል ካላችሁ አውቶቡስ ናችሁ።

አሁን ወደ ኑዛዜ።

አሪስቶትል ኦናሲስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ቢያንስ በሚስቱ በጃክሊን ኬኔዲ። አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፣ አሌክሳንደር። በጃንዋሪ 1973 በ24 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ዓመት ሳይሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ በጃንዋሪ 1974 መጀመሪያ፣ አባትየው ከሜክሲኮ ወደ ኒው ዮርክ ሲበር አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ ኑዛዜውን በእጁ ጻፈ። ጠበቃ አላስጻፈም። በራሱ እጅ ነው የጻፈው። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ይቀበላል፣ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ከተጻፈና ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ከተናገረ። ስለዚህ “ኑዛዜ ወጪው ብዙ ነው” የሚል ካለ እስክሪብቶ ላውሰው።

በ1975 ሲሞት ሀብቱ በሴት ልጁ በክርስቲናና በሟቹ ልጅ ስም በተቋቋመ ፋውንዴሽን መካከል ተከፈለ። ፋውንዴሽኑ ሊሽተንስታይን ነው የተመዘገበው። እስካሁን መርከብ አለው፣ ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ የሕክምናና የባህል ሥራ ይሠራል። የክርስቲና ድርሻስ? በ1988 በ37 ዓመቷ ሞተች። የሦስት ዓመት ልጅ ተወች። ከዚያ በኋላ የሕፃኗ አባትና የንብረቱ ጠባቂ የሆኑት ግሪኮች ለዓመታት ተካሰሱ። ከአንድ ሰው ሀብት ግማሹ መርከብ እያሠራ ቀጠለ፣ ግማሹ ጠበቃ አበላ። ልዩነቱ ምን ነበር? አንደኛው ግማሽ ማን እንደሚወስንለት የተጻፈ ደንብ ነበረው። ሌላኛው የነበረው ሰው ብቻ ነው፣ ሰው ደግሞ ይሞታል።

ተቃራኒውን ካላችሁኝ ሆንግ ኮንግ ሄዳችሁ ፓኦ ዩኮንግን እዩ። እንግሊዞች ዋይ ኬ ፓኦ ይሉታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ200 በላይ መርከብ የነበረው፣ በዘመኑ ከዓለም ቁጥር አንድ ከሚባሉት። ወንድ ልጅ የለውም፣ አራት ሴቶች አሉት። አማቾቹ አንዱ ኦስትሪያዊ ጠበቃ፣ አንዱ የሻንግሃይ ተወላጅ ባንከር፣ አንዱ ጃፓናዊ አርክቴክት፣ አንዱ ሐኪም። እኔ ብሆን ራሴን እይዛለሁ። እሱ ግን ገበያው ሊወድቅ ሲል አስቀድሞ መርከቦቹን ቀነሰ፣ ገንዘቡን ወደ ወደብና ወደ መሬት አዞረ። ከዚያ በ1986፣ ቆሞ እየሄደ፣ አከፋፈለው። መርከቡን ለጠበቃው አማች፣ የመሬቱንና የወደቡን ቢዝነስ ለባንከሩ። በ1991 ነው የሞተው። አምስት ዓመት ቆሞ አየው ማለት ነው። ጥፋት ቢኖር ማረም ይችል ነበር። የመርከቡ ወገን ዛሬ ቢ ደብልዩ ይባላል፣ ሊቀመንበሩም የልጁ ልጅ ነው።

ይህን ታሪክ ስናገር አንድ ደንበኛዬ “እሱ ለአማች ሰጠ እንጂ ለሴት ልጁ መች ሰጠ” አለችኝ። ልክ ናት። ዘመኑ ነበር። ዛሬ ግን ግሪክ ውስጥ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነውን የአንጀሊኩሲስ የመርከብ ቡድን የምትመራው ሴት ናት። አባቷ በ2021 ሲሞት ተረከበች። ትምህርቷ ሕክምና ነው። ግን ስቴቶስኮፑን አስቀምጣ አባቷ ቢሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታለች። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሥራውን አውቃ ነው።

ወደ ኮከቧ ልመለስ።

የካፒቴኑ ልጅ አርኖልድ ፒተር ሞለር ነው ትልቁን ሥራ የሠራው። በ1904 ከአባቱ ጋር ስቬንቦርግ በምትባል ከተማ የእንፋሎት መርከብ ድርጅት አቋቋመ። በ1912 ደግሞ ሁለተኛ ድርጅት መሠረተ። ሁለቱም ለዘጠና ዓመት ገደማ ጎን ለጎን ቆዩ፣ በ2003 እስኪዋሐዱ ድረስ። የሚያስተዳድራቸው ግን አንድ የቤተሰቡ ቢሮ ነው። ልጁ ሜርስክ ማኪኒ ሞለር በ1940 በ26 ዓመቱ ሸሪክ ሆነ። ዓመቱን ልብ በሉ። በዚያው የጸደይ ወቅት ጀርመን ዴንማርክን ወረረች። ልጁ አሜሪካ ገባ፣ አባት ኮፐንሃገን ቀረ። ከወረራው ክልል ውጭ ያለው ሥራ በልጁ እጅ ነበር። እስከ 1947 እዚያው ቆየ። ያ ልጅ የሥራ ልምምድ የወሰደው በዓለም ጦርነት ነው ማለት ይቻላል።

አባትየው በ1946 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ዴንማርኮች እስከዛሬ የሚጠቅሱት ሐሳብ አለ። በማያቋርጥ ጥንቃቄ ልናስቀረው የምንችለው ኪሳራ ሊደርስብን አይገባም ይላል። እኛ ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን። ልዩነቱ እሱ ቅጠሉን ይዞ ወደ ኖተሪ መሄዱ ነው።

በ1953 ፋውንዴሽን አቋቋመ። በራሱና በሚስቱ በቻስቲን ስም። የዴንማርክ ሕግ የሚፈቅደው ይህ ዓይነቱ ተቋም ለእኛ ጆሮ እንግዳ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገር። ፋውንዴሽኑ ባለቤት የለውም። አክሲዮን የለውም። አይወረስም፣ አይሸጥም፣ በፍቺ አይከፈልም። ያለው ደንብና ቦርድ ነው። አንዴ የገባበትን ሀብት መሥራቹ ራሱ እንኳ መልሶ ሊያወጣው አይችልም። ካርልስበርግ ቢራና የመድኃኒት አምራቹ ኖቮ ኖርዲስክም ከላይ ያላቸው ፋውንዴሽን ነው።

ከዚያ ሁለተኛው ብልሃት መጣ። የሜርስክ አክሲዮን ሁለት ዓይነት ነው። “ሀ” ድምፅ አለው፣ “ለ” ድምፅ የለውም። ትርፍ ሁለቱም ያገኛሉ። ፋውንዴሽኑ ከካፒታሉ 41 በመቶ ገደማ ነው ያለው፣ ከድምፁ ግን ከግማሽ በላይ። ኮፐንሃገን የአክሲዮን ገበያ ላይ ማንም አክሲዮኑን መግዛት ይችላል። ሀብታም ይሆን ይሆናል። መሪውን ግን አይነካም።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ያግዘኛል። መሪ የምንለው ሰውየውንም ነው፣ መኪናው ላይ ያለውንም ነው። ገንዘቡን ለአምስት ልጅ እኩል አካፍሉ፣ ደስ ይለኛል። መሪውን ለአምስት ብታካፍሉት ግን መኪናው ገደል ነው። እኔ ከመርከብ ቤተሰቦች የተማርኩት ይኼንን ነው። ፋውንዴሽኑም፣ “ሀ” እና “ለ” አክሲዮኑም ትርፍን ከድምፅ የመለየት መንገዶች ናቸው።

ዴንማርኮቹ መልአክ ናቸው አላልኩም። አባትየው በ1965 እስኪሞት ወንበሩን አልለቀቀም። 88 ዓመቱ ነበር፣ ልጁ ደግሞ 51። ልጁም በተራው በሥራ አስኪያጅነት እስከ 1993፣ በ80 ዓመቱ ገደማ፣ ቆየ። ከሊቀመንበርነት የወረደው በ2003፣ በ90 ዓመቱ ነው። በኤፕሪል 2012 በ98 ዓመቱ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት እንኳ የባለ አክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ተገኝቷል። የእኛ አባቶች ብቻ ናቸው ወንበር የማይለቁ ብላችሁ የምታማርሩ ልጆች፣ ተጽናኑ። ግን ልብ በሉ፣ ሥራ አስኪያጆቹን ከቤተሰብ ውጭ መቅጠር የጀመረው ሽማግሌው በሕይወት እያለ ነው። በ2007 የመጣው ከቢራ ፋብሪካ ነው፣ ከካርልስበርግ። ሲሞት ትንሿ ልጁ አኔ የፋውንዴሽኑን ሊቀመንበርነት ያዘች። በ2013 ከፋውንዴሽኑ ሥር አንድ ሆልዲንግ ተቋቋመ፣ የእሷ ልጅ ሮበርት ኡግላ በ2016 መራው፣ በ2022 የሜርስክ ሊቀመንበር ሆነ። በመሐል፣ በ2017፣ የነዳጅ ድርጅታቸውን ለቶታል ሸጡ። የአያት ንብረት ነው ብለው አላለቀሱም።

ዋጋው ምንድነው? ልጆቹ ዋናውን ሀብት አልወረሱም። ይህን ነው ብዙ ሰው የማይወደው። ሀብታችሁን የማንም እንዳይሆን ካደረጋችሁ የልጆቻችሁም አይሆንም። ሌላው ደግሞ የሞተ ሰው ደንብ ሕያዋንን ለዘላለም ያስራል። እኔ በግሌ ለአነስተኛ ቤተሰብ ይህን አልመክርም። ሁለቱን ዓይነት አክሲዮን ግን እመክራለሁ።

ያላደረጉት ምን ሆኑ? ሁለት ላንሳ፣ ቶሎ ልጨርስ።

ታይዋን። የኮንቴይነር መርከብ ድርጅቱን ኤቨርግሪንን በ1968 የመሠረተው ቻንግ ዩንግፋ በጃንዋሪ 2016 ሞተ። ከሁለት ሚስት ልጆች አሉት። ኑዛዜው ሲከፈት ሀብቱን ለሁለተኛዋ ሚስቱ ልጅ ሰጥቷል፣ የቡድኑም መሪ እሱ ይሁን ይላል። ልጁ ያኔ የቡድኑ አየር መንገድ ሊቀመንበር ነበር፣ በሙያው ደግሞ ፓይለት። በማርች 11 ቀን ራሱ ቦይንግ 777 እያበረረ ወደ ሲንጋፖር ሄደ። እሱ አየር ላይ እያለ ታይፔ ውስጥ ቦርዱ ተሰብስቦ ከሊቀመንበርነት አነሳው። ኑዛዜው ነበረ። ድምፁ ግን በሌሎቹ ወንድሞች እጅ ነበር። አባትየው ወንበሩን ነው ያወረሰው፣ ወንበሩ ደግሞ የእሱ አልነበረም፣ የባለ ድምፆቹ ነበር። ሰውየው በኋላ ስታርላክስ የሚባል የራሱን አየር መንገድ መሠረተ።

ኮሪያ። ይኼኛው እናንተን በደንብ ይመለከታል፣ ምክንያቱም መሥራቹ በ1945 የጀመረው በአንድ የጭነት መኪና ነው። ሃንጂን የሚባለው ቡድን። መሥራቹ በ2002 ሲሞት አራቱ ወንዶች ልጆቹ ተካፈሉ፤ አንዱ አየር መንገዱን፣ አንዱ መርከብ ሠሪውንና ግንባታውን፣ አንዱ መርከቡን፣ አንዱ ፋይናንሱን። በወረቀት ያምራል። የመርከቡ ወንድም በ2006 ሞተ። ሚስቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ገበያው ውድ በነበረበት ጊዜ መርከቦች በረጅም ውል ተከራይተው ነበር፣ ከዚያ የጭነት ዋጋ ወረደ። ታላቅ ወንድም በ2014 ሊያድን ገባ፣ አልሆነም። በኦገስት 31 ቀን 2016 የመርከብ ድርጅቱ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። የዓለም ሰባተኛው የኮንቴይነር መስመር ነበር። በማግስቱ መርከቦቹ ወደብ መግባት አቃታቸው። በክሬን ዕቃ የሚያወርድ ሁሉ “ማን ይከፍለኛል?” አለ። ከነጭነታቸው ባሕር ላይ ቆሙ፣ መርከበኞቹም ምግብ መቆጠብ ጀመሩ። የሳምሰንግ ዕቃ ውስጡ ነበር። በ2017 ፌብሩዋሪ ከሰረ ተባለ።

ጥፋቱን ሁሉ በመበለቲቱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚያ ዘመን ኪሳራ ያልነካው የመርከብ ድርጅት ጥቂት ነው። ግን ይህን ጠይቁ፦ ወንድምየው በሞተ ዕለት ወንበሩ ላይ ማን መቀመጥ እንዳለበት የሚወስን ደንብ ነበር ወይስ ማን ቅርብ እንደነበር? አውቶቡሱን ለአራት ከፋፍለው እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን ማዕበል ጠበቀው።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ብቻ እጽፋለሁ።

አንድ አባት “የእኛ ሕግ ይህን ሁሉ ይፈቅዳል ወይ?” አሉ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም፣ ጋሼ። ግን አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ ይኼ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ፒኤልሲ ማቋቋምን ፈቅዷል፣ ስለ ቡድን ኩባንያዎችም ደንግጓል። ሊብሬውን ከኪስዎ ወደ ድርጅት ለማዛወር ሕጉ አያግድዎትም። ሌላው ዝርዝር የጠበቃዎ ነው።

ከኋላ የተቀመጠች ወጣት ደግሞ እጇን አወጣች። “አባዬ ስለ ሞት ካነሳሁ ይቆጣል። ‘ልትቀብሪኝ ነው?’ ይለኛል። ከየት ልጀምር?” አለች። ሰው ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም።

ስለ ሞት አታንሺበት አልኳት። ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ እንዲህ በይው፦ “አባዬ፣ አንተ ለሁለት ሳምንት ብትታመም የሾፌሮቹን ደሞዝ ባንክ ሄዶ የሚፈርመው ማነው?” መልሱ “ማንም” ከሆነ እሱ ራሱ ይደነግጣል። የፊርማ ውክልና ከዚያ ይመጣል። ከውክልናው በኋላ ሊብሬዎቹ የት እንዳሉ ጠይቂው።

“እሱንስ አውቃለሁ” አለች። “ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ፌስታል ውስጥ።”